ጋሼን መርከብ ላስጎበኝ ነው፤ ምክር ያላችሁ?

ከሦስት ሳምንት በፊት የደብረ ብርሃንና የአካባቢዋ ልጆች በምንገናኝበት መድረክ ላይ አንድ ጥያቄ ለጠፍኩ። አምስት ስድስት መልስ ባገኝ ይበቃኛል ብዬ ነበር። ሠላሳ አራት ደረሰ። መሐል ላይ ስድብ አለ፣ ቋንጣ አለ፣ ታሪክ አለ። አዲስ የሚገባ ሰው ከላይ እስከ ታች ማንበብ ስለሚታክተው ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ ልተርክ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም። አንዳንዱ ባይገለበጥም ይሻላል።

ጥያቄዬ እንዲህ ነበር። እህቴ ዋሽንግተን ትኖራለች። በሐምሌ እኔንና አጎታችንን ልትወስደን ነው፤ ቪዛውም ተመቷል። ጋሼ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። በ1964 ዓ.ም. ባሕር ኃይል ገብተው፣ ምጽዋና አሰብ ኖረው፣ በ1983 ባዶ እጃቸውን ደብረ ብርሃን የገቡ ሰው ናቸው። ዛሬ ጠባሴ ወፍጮ ቤት አላቸው። ከተመለሱ ወዲህ ባሕር አላዩም። በእህቴ ከተማ ደግሞ በየዓመቱ ሐምሌ ሲያልቅ የባሕር ኃይል በዓል ይከበራል። የጦር መርከቦች መጥተው ወደቡ ዳር ይቆማሉ፤ ሕዝቡም እየገባ ይጎበኛል። ታዲያ ትኬት አለው ወይ? ደረጃው ጉልበቱን ለሚያመው ሽማግሌ ይሆናል ወይ? በስንት ሰዓት ብንሄድ ይሻላል? ይኸው ነው። ሌላ ምንም አልጠየቅኩም።

ቁጥር 1 ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር የጫጫ ልጅ ነው። ትሕትናው ልብ ይነካል። ከሰላምታው ብቻ አንድ አንቀጽ ይወጣዋል። ባልቲሞር ከእሱ ሰፈር በመኪና ቅርብ እንደሆነች፣ እዚያ ወደብ ላይ እ.ኤ.አ. በ1854 የተሠራችው ባለ ሸራዋ ኮንስቴሌሽንና ቶርስክ የምትባል የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሰርጓጅ መርከብ ዓመቱን ሙሉ ለጎብኚ ክፍት እንደሆኑ አብራራ። ትልቁ የመርከቦች በዓል ግን እዚያ በየዓመቱ እንደማይከበርና ቀኑን ማጣራት እንደሚያስፈልግ አስጠነቀቀ። መኪና ማቆሚያ ሳይቀር ነገረኝ። እኛንም ቤቱ ሊያሳድረን ጋበዘ።

ቁጥር 2 በአንድ መስመር የትኛው ዋሽንግተን እንደሆነ ጠየቀ።

ቁጥር 3 እኔ ነኝ። ሲያትል ብዬ መጻፍ ሲገባኝ ዋሽንግተን ብዬ በመጻፌ ይቅርታ ጠየቅኩ። ያኛው ዋና ከተማው ነው፤ የእኛው በሌላኛው ውቅያኖስ ዳር ያለው ክፍለ ሀገር። በመሐላቸው ከአምስት ሰዓት በላይ በረራ አለ። የጫጫው ልጅ ግብዣውን አልሰረዘም። ስንመለስ በእሱ በኩል እንድናልፍ ብቻ አሻሻለው።

ቁጥር 4 ላይ ነው ቁም ነገሩ የጀመረው። የመሐል ሜዳ ልጅ ናት፤ ሲያትል በነርስነት ትሠራለች። እንደ ሐኪም ትእዛዝ አጭርና ግልጽ አድርጋ ጻፈች። በዓሉ ሲፌር የሚባለው የከተማዋ የበጋ በዓል አካል ነው፤ ሲፌር እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ አለ። መጀመሪያ መርከቦቹ ኤልየት በሚባለው ባሕረ ሰላጤ ላይ ተሰልፈው ይገባሉ። ያንን ከዳር ቆሞ ለማየት ፈቃድም ወረፋም አያስፈልግም። ድሮ ባሕሩን ይጋርድ የነበረው ባለ ፎቅ አውራ ጎዳና እ.ኤ.አ. በ2019 ፈርሷል፤ አሁን ዳርቻው የእግር መሄጃ ስለሆነ ሽማግሌ ሰው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ማየት ይችላል። መርከቦቹ ከቆሙ በኋላ ጉብኝቱ ይከፈታል። ነጻ ነው። ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይገባል። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ብቻ ሳይሆን የጠረፍ ጠባቂውና የካናዳ መርከቦችም ይመጣሉ። የትኞቹ መርከቦች እንደሚመጡ ግን በዓሉ ሲቃረብ ነው የሚታወቀው።

ከዚያ ክልክሉን ዘረዘረች። ትልቅ ቦርሳ አይገባም። ስለት አይገባም፤ የኪስ ሰንጢም ቢሆን። አዋቂ ሰው ፎቶ ያለበት መታወቂያ መያዝ አለበት፤ እኛ ፓስፖርታችንን እንድንይዝ መከረች። ጫማ የተሸፈነና ዝቅ ያለ ይሁን። ይህችን ጫማ የምትለውን ከእናቷ ታሪክ ጋር ነው የነገረችን። እናቷ ከመንዝ በመጡ ዓመት ለበዓሉ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጣቱ ክፍት የሆነ አዲስ ነጠላ ጫማ አድርገው ሄዱ። አንድ ሰዓት ተሰለፉ። በሩ ላይ ሲደርሱ የቆመው ወጣት እግራቸውን አይቶ በትሕትና አንገቱን ነቀነቀ። ልጃቸውና የልጅ ልጆቻቸው ገቡ። እሳቸው ዳር ላይ ተቀምጠው፣ ከቀሚሳቸው ኪስ ቆሎ እያወጡ፣ መርከቡን ሁለት ሰዓት ሙሉ በውጭ አዩት። እስከ ዛሬ ድረስ የመርከብ ነገር ሲነሳ የሚያወሩት ስለዚያ በረኛ ልጅ ነው፤ ለምን እንደሆነ አይታወቅም፣ በጣም ወደውታል።

ቁጥር 5 ደግሞ ሌላ ፍጡር ነው። ከወረፋ ነጻ የሆነ ልዩ መግቢያ በ15,000 ብር እንደሚያስጨርስና በውስጥ መስመር እንዳናግረው ጻፈ። ቁጥር 6 የሞላሌ ሰው ነው፤ ነጻ የሆነ ነገር የሚሸጥ ሰው አየርም ይሸጣል ብሎ ነደፈው። ቁጥር 7 ከ6 ባሰ። አልደግመውም። ቁጥር 5 ከዚያ በኋላ ብቅ አላለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ ይህን ጥያቄ ከመለጠፌ በፊት እዚሁ ከተማችን ላለ አንድ ደላላ ለመርከብ መግቢያ ብዬ 3,000 ብር ቀብድ ከፍዬ ነበር። ቁጥር 4ን ካነበብኩ በኋላ ሄድኩበት። ገንዘቡ ሲስተም ውስጥ ገብቷል አለኝ። የምን ሲስተም እንደሆነ እሱም አያውቅም።

ቁጥር 8 ባቦጋያ የመርከበኞች ማሠልጠኛ ተምሮ ዛሬ ጭነት መርከብ ላይ የሚሠራ የእነዋሪ ልጅ ነው። ከየትኛው ወደብ ሆኖ እንደጻፈ አልተናገረም፤ መልሱ ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የገባው። የመርከብ ደረጃ ደረጃ ሳይሆን መሰላል እንደሆነ አስረዳ። ሲወረድ ፊትን ወደ መሰላሉ አዙሮ፣ በሁለት እጅ ብረቱን ይዞ ነው። ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ የሚወርድ ጎብኚ በየዓመቱ ግንባሩን ይገጫል። ከመሰላሉ ይበልጥ ሰው የሚረሳው ደግሞ የበሩ ደፍ ነው። የብረት በሮቹ ደፋቸው ከወለሉ ከፍ ያለ ስለሆነ ጉልበቱን የሚያመው ሰው በየበሩ እግሩን እንደ ፈረስ ጋላቢ ማንሳት አለበት። ስለዚህ ጋሼ የላይኛውን ወለል ብቻ አይተው ቢመለሱ እንደሚሻል መከረ። ወረፋው ከበዛ ደግሞ መላ አለው። ከሲያትል በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ተሂዶ ብሬመርተን ላይ ተርነር ጆይ የምትባል፣ እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 1982 ያገለገለች አጥፊ መርከብ ሙዚየም ሆና ቆማለች። መግቢያው በክፍያ ነው፤ ግን ማንም አያጣድፍም። ጀልባው ራሱም የባሕር ጉዞ ነው።

ይህን ለጋሼ አነበብኩላቸው። ዱቄት የነካ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሰሙኝ። የላይኛው ወለል ብቻ የሚለው ጋ ስደርስ ደስ አላላቸውም። እሳቸው በፊሽካ እየተጠሩ በዚያ መሰላል በሩጫ የወረዱ ሰው መሆናቸውን፣ ይህ ልጅ ሳይወለድ መሆኑንም ጨምሬ እንድጽፍለት አዘዙኝ። አልጻፍኩም። ልጁ ልክ ነው።

ቁጥር 9 የአረርቲ ሰው ነው። ነገር ፈላጊ። ደገኛን ከመርከብ ምን አገናኘው፣ የደብረ ብርሃን ሰው በ2,840 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጦ የጦር መርከብ ልጎብኝ ማለቱ ቅብጠት ነው፣ ለዚህ የሚወጣው የአውሮፕላን ዋጋ ስንት በግ ይገዛል አለ። የበጉን ሒሳብ በትክክል አስልቶታል።

ቁጥር 10 የአንኮበር መምህር ነው፤ ለ9 የመለሰው በዝግታ ነው። ሰሜን ሸዋ ከባሕር ጋር የተዋወቀችው በአውሮፕላን ዘመን አይደለም ነው የሚለው። ከአንኮበር ሥር ያለችው አልዩ አምባ ገበያ ከታጁራ ወደብ በግመል የሚመጣው ጨውና ሸቀጥ የሚራገፍባት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1841 ካፒቴን ሃሪስ የእንግሊዝን መልእክት ይዞ ከታጁራ ተነስቶ አንኮበር ገብቶ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር ውል የተዋዋለው በዚያው መንገድ ነው። ጽሑፉ ትንሽ የክፍል ሽታ አለው፤ ግን ወደድኩት።

ቁጥር 11 ደብረ ሲና ያደገ ሰው ነው። የአዋሽ-ሚሌ መንገድ ሳይሠራ በፊት የአሰብ ጭነት በሙሉ በባቲ፣ በኮምቦልቻ፣ በአጣዬ፣ በሸዋ ሮቢት አድርጎ ጣርማ በርን ይወጣ እንደነበር አስታወሰን። አባቱ ትሬንታ ኳትሮ ይነዱ ነበር። ከአሰብ ሲመለሱ የመኪናው ሥር በጨው ነጭ ሆኖ ይመጣል፤ ልጆቹም በጣታቸው እየነኩ ይልሱት ነበር። ባሕር ማለት ለእሱ ያ ጣዕም ነው። ቁጥር 12 የ11ን ወደደው፤ የ10ን ግን ለጥያቄው የማይገባ ትምህርት ብሎ አጣጣለው። መምህሩ አልመለሱለትም።

ቁጥር 13 ሲገባ የመድረኩ አየር ተለወጠ። የሸዋ ሮቢት ሰው ናቸው፤ እሳቸውም የቀድሞ ባሕር ኃይል። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጋሼ በየትኛዋ መርከብ ላይ ነበሩ?

ጋሼን ጠየቅኩ። ወፍጮው እየዞረ ስለነበር ጮክ ብለው ነው የመለሱት። ኢትዮጵያ ላይ። ኤ 01።

ቁጥር 14 ላይ ይህን ጻፍኩ፤ ጋሼ የነገሩኝንም ጨመርኩ። ይህ በዓል ለእሳቸው አዲስ አይደለም። ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ቀን የሚባል ነበር፤ በጥር ገደማ፣ ሙቀቱ ሰው በሚችልበት ወቅት ይከበራል። ጃንሆይ ይመጣሉ። ዕጩ መኮንኖች ይመረቃሉ። የአሜሪካ፣ የሶቪየት፣ የእንግሊዝና የፈረንሳይ የጦር መርከቦች በእንግድነት ይመጣሉ፤ በውጭ የተፋጠጡት አገሮች እዚያ በአንድ ወደብ ይቆማሉ። ጋሼ በገቡ በዓመቱ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ተሰልፈዋል። ስለ ጃንሆይ ብጠይቃቸው ትዝ የሚላቸው ውሻው ነው። ከዚያ ይልቅ የሚያስታውሱት በማግስቱ የምጽዋ ሰው መርከቡን ሊያይ ሲገባ ሁሉም ነገሩን በእጁ እየነካ ያንን ሁሉ ቀን ያጸዱትን ናስ መልሶ ማቆሸሹን ነው። የሸዋ ሮቢቱ ሰውዬ በዚህ በጣም ሳቁ። በምን እንዳወቅኩ አትጠይቁኝ፤ አምስት የሳቅ ምስል ላኩ።

ቁጥር 15 ነው እንግዲህ ነገሩን ሁሉ የገለበጠው። ሲያትል አውቶቡስ የሚነዳ የለሚ ልጅ ነው። እስካሁን ዝም ብሎ ሲያነብ ነበር። የጻፈው ይህን ነው። ኢትዮጵያ የምትባለው መርከብ የተሠራችው እዚሁ እሱ ያለበት አካባቢ ነው፤ ከሲያትል ማዶ፣ ሐይቁ ዳር፣ ሃውተን በሚባል ሰፈር።

ቁጥር 16 ሳቀበት። የአዲስ አበባ ሰው ነኝ ባይ ነው፤ እዚህ ምን እንደሚሠራ አላውቅም። የጦር መርከብ ሐይቅ ላይ ሲሠራ የት አየህ፣ ጣና ላይ ታንኳ ስትሠራ ያየህ ይመስለኛል አለው። ቁጥር 17 16ን ደግፎ መርከቧ ኖርዌይ የተሠራች መሆኗን በእርግጠኝነት ጻፈ። ይህ ስህተት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ባሕር ኃይላችን ሲመሠረት የኖርዌይ መኮንኖች አሠልጥነውናል፤ የመርከቧ ነገር ግን ሌላ ነው።

ቁጥር 18 የአውቶቡሱ ሹፌር ተመለሰ። አልተቆጣም። ቀን ደረደረ። መርከቧ መጀመሪያ ስሟ ኦርካ ነበር። ሌክ ዋሽንግተን የመርከብ ማምረቻ እ.ኤ.አ. በ1942 ጥቅምት ላይ ውኃ ላይ አወረዳት፤ በጥር 1944 ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ገባች። ሥራዋ በባሕር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ነዳጅና ጥገና መስጠት ነበር፤ በጦርነቱ ማብቂያ ፊሊፒንስ ውኃ ላይ አገልግላለች። ርዝመቷ 95 ሜትር ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1962፣ በእኛ በ1954 ማለት ነው፣ ለኢትዮጵያ ተሰጠች። ከዚያ በኋላ ነው ኤ 01 የሆነችው።

ቁጥር 19፣ ያው 16 ነው፣ እሺ ሐይቁ ላይ ተሠራች፤ ታዲያ ወደ ባሕር በምን ወጣች፣ በክንፍ ነው? ብሎ ጠየቀ። እውነቱን ለመናገር ይህን እኔም ልጠይቅ ነበር፤ ክንፉን ትቼ።

ቁጥር 20 ነርሷ ናት። ተናዳለች። ሰው ሳያውቅ ከመሳደብ በፊት ቢጠይቅ ምን እንደሚጎድልበት ጠይቃ ጀመረች። ከዚያ አስረዳች። የዋሽንግተን ሐይቅ ከባሕሩ ስድስት ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። በመሐላቸው እ.ኤ.አ. በ1917 የተመረቀ ቦይ አለ። በቦዩ ጫፍ፣ ባላርድ በሚባል ሰፈር፣ መርከብ የሚወርድበትና የሚወጣበት የውኃ ግድብ አለ። መርከቡ በሁለት ግዙፍ በሮች መሐል ገብቶ ይታሰራል። ከኋላው በሩ ይዘጋል። ከሥር ውኃው ይለቀቃል፤ መርከቡም ከውኃው ጋር እንደ አሳንሰር ቀስ እያለ ይወርዳል። ከባሕሩ ጋር እኩል ሲሆን የፊቱ በር ይከፈታል። ሞተርም ክሬንም አያነሳውም፤ ውኃው ራሱ ነው የሚያወርደው። ትልቁ ክፍል 24 ሜትር ስፋት አለው፤ ኦርካ ደግሞ ወርዷ 12 ሜትር ተኩል ያህል ነበር። ገብታ ይተርፋል። ቦታው ዛሬም ይሠራል፤ ለማየት ክፍያ የለውም። በዚያው በሐምሌ የሳልመን ዓሣ ከባሕር ወደ ሐይቁ የሚወጣበት ጊዜ ስለሆነ በመስታወት በኩል ዓሣው ውኃውን እየተጋፋ ሲወጣ ይታያል። መሰላል የለም፣ የበር ደፍ የለም። ጋሼን መጀመሪያ እዚያ ውሰድ አለችኝ።

ቁጥር 21 አዲስ ሰው ነው፤ ኦርካ ማለት ገዳይ ዓሣ ነባሪ እንደሆነ፣ ስሟም ከዚያ እንደመጣ በኩራት ነገረን። ሹፌሩ ቁጥር 22 ላይ አረመው። የዚያ ዓይነት መርከቦች የሚሰየሙት በባሕረ ሰላጤዎች ስም ነው፤ የኛዋ አላስካ ካለው የኦርካ ባሕረ ሰላጤ ነው ስሟን ያገኘችው። 16 እዚህ ላይ የሹፌሩን የፊደል ግድፈት ቆጥሮ ሰባት አገኘ። መሸነፉ ነው ብለን ተቀበልን።

ከ23 እስከ 27 ያለው ስለ አሰብ ነው። ሁለቱን የመድረኩ ኃላፊ አጥፍቷቸዋል፤ የቀሩትም ቢጠፉ ማንም አይጎዳም። አንዱ ብቻ ፍሬ አለው። ባሕር የሌለው አገር ባሕር ኃይል ምን ያደርግለታል ለሚለው፣ በመጋቢት 2011 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ሲመጡ ባሕር ኃይሉን መልሶ ለማቋቋም ስምምነት መፈረሙን ያነሳ ሰው አለ። ከዚያ በኋላ እንደተለመደው ሁሉም ለየራሱ ጮኸ።

ቁጥር 28 የጉዞው ሻንጣ ውስጥ ቋንጣ እንዳልይዝ መከረ፤ የሥጋ ነገር አሜሪካ ጉምሩክ ላይ ይወሰዳል፣ ተናግረው ካላስመዘገቡ ቅጣትም አለው። ቁጥር 29 አክስቱ አምስት ኪሎ ቋንጣ እዚያው በር ላይ ጥለው እንዳለቀሱ ተረከ። ቁጥር 30 በርበሬና ሽሮ ምንም እንደማይሉ፣ በሶም እንደሚያልፍ፣ አረቄ ግን በልክ እንዲሆን አለ። የቋንጣው ወሬ እዚህ ላይ አንድ ቀን ሙሉ ዋለ። መሐል ላይ አንዲት እናት ፍልሰታ ነሐሴ 1 ስለሚገባ ልጁ ጊዜውን አስልቶ ይሂድ አሉ። አስልቻለሁ፤ በዓሉ ከጾሙ በፊት ነው። ቁጥር 31 ጋሼ የመንዝ በርኖሳቸውን ለብሰው እንዲሄዱ ፈለገ። የባሕር ነፋስ እንደ ጣርማ በር ነፋስ ነው አለ። ነርሷ በሐምሌ የሚያስፈልገው ሹራብ ብቻ እንደሆነ ብትነግረውም እሱ በርኖሱ ላይ ቆርጧል።

ቁጥር 32 አጭር ነው። መርከቧ ኢትዮጵያ ምን እንደደረሰባት ጠየቀ አንድ ልጅ፤ እዚያው ምጽዋ ላይ የሰመጠች መስሎት። የሸዋ ሮቢቱ ሰውዬ እዚያው ሥር መለሱለት። ምጽዋ በየካቲት 1982 ስትወድቅ እሷ አልሰመጠችም። በግንቦት 1983 ሰዎቿን ይዛ የመን ገባች። እዚያው ቆማ ቀረች። እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

ይህን ለጋሼ ላንብብ አላንብብ ብዬ ሁለት ቀን አመነታሁ። በግንቦት 1983 እሳቸው አሰብ፣ የብስ ላይ ነበሩ። የመን መግባቷን ያውቃሉ። መቆራረጧን ማወቃቸውን ግን እርግጠኛ አልነበርኩም። ቅዳሜ ጠዋት አነበብኩላቸው። ምንም አላሉም። የአንዲት ሴትዮ ጤፍ ሚዛን ላይ ነበር፤ መዝነው ወፍጮው ውስጥ አፈሰሱት። እኔም ወጣሁ።

ማታ ራሳቸው ደወሉ። አንድ ነገር ሊጠይቁኝ ነው። ማዘዣ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የናስ ሰሌዳ ነበረች አሉ፣ የእጅ መዳፍ ሁለት የምታህል። የመጀመሪያውን ዓመት ዓርብ ዓርብ በብራሶ የሚወለውሏት እሳቸው ነበሩ። ብራሶው ፊደሎቹ ውስጥ ገብቶ ይነጣና በክብሪት እንጨት እየተጫረ ይወጣል። ያኔ የፈረንጅ ፊደል በደንብ አያነቡም ነበር። እና ይህ ሃውተን የምትለው ሰፈር ሲጻፍ የመጀመሪያው ፊደል እንዴት ያለ ነው? ሁለት ቋሚ ሆኖ መሐሉ ላይ አንድ እርከን ያለው፣ እንደ አጭር መሰላል?

አዎ አልኳቸው።

ስልኩ ውስጥ ትንሽ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ክብሪት እንጨቱ እርከኑ ላይ ሁሌ ይሰበርባቸው እንደነበር ነገሩኝ።

ዕቅዱ ተለወጠ። መርከቦቹ ሲገቡ ከዳር ሆነን እናያለን። ወረፋው ካልከፋ ጋሼ አንዷ ላይ ይወጣሉ፤ የላይኛው ወለል ብቻ፤ ተስማምተዋል፤ ወይም ተስማምቻለሁ ብለዋል። ጫማ ገዝተናል፤ ጥቁር፣ የተሸፈነ፣ ዝቅ ያለ። በማግስቱ ግድቡ ጋ እንሄዳለን። ሦስተኛው ቀን ለሃውተን ነው። ስለዚህ ወደ መድረኩ ተመልሼ ቦታው ዛሬ ምን እንደሚመስል ጠየቅኩ።

ቁጥር 33 የአውቶቡሱ ሹፌር ነው። ዛሬ ሰፈሩ ኪርክላንድ የምትባለው ከተማ ውስጥ ነው። የመርከብ ማምረቻው የለም። በቦታው ሆቴል፣ ቢሮዎችና የመዝናኛ ጀልባዎች ማሰሪያ ቆመዋል፤ ካሪሎን ፖይንት ይሉታል። መኪና ማቆሚያው ይከፈልበታል። ዳክዬ ይበዛል። ወደ ውኃው በሚገባው የእንጨት መተላለፊያ ላይ መቀመጫ አለ፤ ከዚያ ላይ ሐይቁን ተሻግሮ የሲያትል ፎቅ ይታያል። ሥራ ከሌለው እሱ ራሱ ሊወስደን ፈቃደኛ ነው፤ ቀኑን አስቀድመን እንድንነግረው ብቻ ጠየቀ።

ቁጥር 34 እኔ ነኝ፤ የጻፍኩት ግን ጋሼ ያሉትን ነው። ሹፌሩን አመስግነው፣ መቀመጫው እንደማያሳስባቸው ገልጸው፣ አንድ ነገር እንዲያጣራላቸው ለመኑ። ማምረቻው የነበረበት ዳር ላይ፣ ከእንጨቱ ጫፍ፣ ውኃው ስንት ሜትር ጥልቀት አለው?

እስከ ትናንት ማታ መልስ አልመጣም።